እትዬ ሐዋ ብቻዋን የሄደች ጊዜ

የእትዬ ሐዋን ሞት የነገሩኝ የድሮ ጎረቤቷ እማማ ጥሩወርቅ ናቸው። ቴዎድሮስ አደባባይ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ መኪናው መንገድ እስኪያገኝ ስንጠብቅ ስልኬ ጮኸ። እማማ ጥሩወርቅ በስልክ ሲያወሩ ርቀቱን በጉሮሯቸው የሚሸፍኑት ስለሚመስላቸው ድምፃቸው ከስልኩ ውጭም ይሰማል።

«ትዕግስት፣ ሐዋ አረፈች» አሉኝ።

«የት ሄዳ ነው?» አልኳቸው።

ምን ብዬ እንደጠየቅኩ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ግን አይፈረድብኝም። እኛ ሰፈር «ሐዋ አረፈች» የተባለው ሆቴል የገባች ጊዜ ነበር። ያኔ ብቻዋን አርባ ምንጭ ስትሄድ እኚሁ እማማ ጥሩወርቅ ከበር በር እየዞሩ «ሐዋ በሰላም ገብታለች፣ ሐይቅ የሚያይ ሆቴል አርፋለች» ብለው ያላወጁበት ቤት አልነበረም።

«የአሁኑስ መመለሻ የለውም፣ ልጄ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቀብሯ ዛሬ ከሰዓት ነው።»

እንባዬ ሲወርድ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ሶፍት አውጥታ ሰጠችኝ። ወዲያው ደግሞ የጠየቅኩት ጥያቄ ትዝ ብሎኝ ሳቄ አመለጠኝ። ሴትየዋ ሶፍቷን አስመልሳ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። እትዬ ሐዋ ብታይ ኖሮ ይሄን ታሪክ አንድ ወር ሙሉ ታወራው ነበር።

እትዬ ሐዋ የሴቶች ጸጉር ቤት ነበራት። ከፒያሳ ወደ እሪ በከንቱ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ላይ፣ አንድ ትልቅ መስታወትና ሦስት ወንበር የያዘች ጠባብ ቤት። እናትና አባቷ ከወሎ መጥተው እሷን እዚሁ አራዳ ወለዷት። ስለዚህ ስትናደድ ወሎዬ፣ ስትቀልድ አራዳ ትሆናለች። እኔ እዚያ ቤት ሹሩባ እየሠራሁ ብዙ ዓመት ኖርኩ። ሥራ የጀመርኩ ቀን በአክብሮት «እርስዎ» ስላት ዞር ብላ በሩን አየችና «ማን ገባ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አንቺ አልኳት። ስሜን ስነግራት ደግሞ «ትዕግስት? ጥሩ ነው፤ እዚህ ቤት ያስፈልግሻል» አለች።

አጭር፣ ደልደል ያለች ሴት ናት። ማበጠሪያዋን ሻሿ ውስጥ ትሰካና ቀኑን ሙሉ ማበጠሪያዋን ትፈልጋለች። አንድ ነገር አጥብቃ መናገር ስትፈልግ የደንበኛዋን ጭንቅላት በሁለት እጇ ይዛ ወደ ራሷ ታዞረዋለች። ምክር ሰጥታ «አይደለም እንዴ?» ስትል ደንበኛዋ መልስ ካጣች፣ እትዬ ሐዋ ራሷ ጭንቅላቷን ይዛ አዎ በሚል ትነቀንቅላታለች። በዚህ ዓይነት ስንት ሴት ሳትፈልግ ከባሏ ጋር እንደታረቀች እኔ ምስክር ነኝ።

ከአፏ የማይጠፋ አንድ ቃል ነበራት፤ «ዝም በይና ንገሪኝ» ትላለች። እሷ ራሷ እንዴት እንደሚሆን አታውቅም፤ እኛ ግን ገብቶን ነበር። አታልቅሺ፣ አትንቀጥቀጪ፣ ከመጀመሪያው ጀምሪ ማለቷ ነው። ሴቶቹም ይነግሯታል። ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ጭንቅላቷን የከተተች ሴት ደግሞ የራሷን ድምፅ ስለማትሰማ ትጮኻለች። የአማቷን ክፋት፣ የባሏን አመል፣ የአለቃዋን ነገር መንገደኛው ሁሉ እየሰማ ያልፋል።

ከሁሉ በላይ የሚሰሙት ግን ባሏ ጋሽ ይማም ናቸው። ከጸጉር ቤቱ ፊት ለፊት ቁልፍ ይቀርጻሉ። ቀጭን፣ ጨዋ፣ ቃል ከአፋቸው በመከራ የሚወጣ ሰው ናቸው። የሰፈሩን ሴቶች ምስጢር አንድ ሳይቀር ያውቁታል፤ ግን ያልሰሙ ለመምሰል የቁልፍ ማሽናቸውን ያስጮኻሉ። ነገሩ ሲከብድ የሚቀረጽ ቁልፍ ሳይኖርም ማሽኑን ያስነሱት ነበር። እኛም ማሽኑ በባዶ ሲጮህ «ድምፅሽን ቀንሺ፣ ጋሽ ይማም ተጨንቀዋል» እንባባላለን።

ነገሩ የተጀመረው በቤቲ ነው። ቤቲ ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ ቢሮ የምትሠራ ደንበኛችን ናት። አንድ ቀን ፊቷ በፀሐይ ጠቁሮ፣ ደስ ብሏት መጣች።

«ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ተጉዤ መጣሁ» አለች። «ውስጣዊ ሰላም ፍለጋ። ራሴን አገኘሁት፣ እትዬ ሐዋ።»

«ጠፍቶብሽ ነበር?»

«እንደሱ ማለቴ አይደለም።»

«የት አገኘሽው?»

«ላንጋኖ።»

«እዚያ ድረስ ምን ወሰደው?» አለች እትዬ ሐዋ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቤቲም ሳቀች። እትዬ ሐዋ ግን የቤቲን ጸጉር በቢጉዲን እየጠቀለለች ዝቅ ባለ ድምፅ «ማታስ ስትተኚ ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም?» አለቻት።

«ማንም።»

«ጠዋት ስትነሺ ምንም የጠየቀሽ ሰው የለም? ሻይ የት አለ፣ ካልሲዬ የት አለ?»

«ማንም፣ ምንም።»

እትዬ ሐዋ ቢጉዲኑን በእጇ እንደያዘች ቀረች። ከዚያ ቀን በኋላ ፈዘዝ አለች። ወሬ መሀል ሄዳ ትመለሳለች። የአንዷን ደንበኛ ወሬ ከሌላዋ ጋር አምታታ ያላገባችውን ሴት «እንግዲህ ፍቺውን ያዢው» ብላ መከረቻት።

በመጨረሻ አንድ ማክሰኞ ፈነዳ። አንዷ ደንበኛ ካስክ ውስጥ ሆና ስለ አማቷ ትጮኻለች። ሌላዋ እየታጠበች ስለ ልጇ ታለቅሳለች። ስልኩ ይጠራል። እማማ ጥሩወርቅ በሩ ላይ ቆመው «ሐዋ፣ ትልቁን ብረት ድስት ለማን ነው ያዋስሽው?» ይላሉ። እማማ ጥሩወርቅ ግድግዳ የሚጋሯት ጎረቤቷ ናቸው፤ ቀሚሳቸው እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ፣ ጠዋት ማታ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙ፣ የሰፈሩ የዜና ማሠራጫ። እትዬ ሐዋ ሁሉንም ተራ በተራ አየቻቸውና ማበጠሪያዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሻሿ ውስጥ ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው ያየሁት ያኔ ነው።

«ልሄድ ነው» አለች። «ብቻዬን።»

ካስክ ውስጥ ያለችው ሴት ብቻ ስላልሰማች ስለ አማቷ ቀጠለች።

ማታ ቤቱን ስንዘጋ ጠየቅኳት። «ትዕግስት፣ እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ብቻዬን ተኝቼ አላውቅም» አለችኝ። «ልጅ ሆኜ በግራ አንድ እህቴ፣ በቀኝ አንድ እህቴ። እነሱ ሲያገቡ ይማም መጣ። ከይማም ጋር እናቱ መጡ። ሽንት ቤት እንኳ ገብቼ ከውጭ ‹ሐዋ አለሽ?› ይሉኛል። ሽንት ቤት ውስጥ ሆኜ ባልና ሚስት አስታርቄ አውቃለሁ፣ ወላሂ። ሰው ሁሉ ዝም ሲል እኔ ምን እንደማስብ አላውቀውም። ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ሁሉ የሰው ነው።»

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ወሎ አልሄድም። እዚያ ድንጋዩም ዘመዴ ነው። አርባ ምንጭ። የማውቀው ሰው የለም፣ የሚያውቀኝ የለም።»

ሰፈሩ ይሄን ሊቀበል አልቻለም። ሰው ወይ ለሠርግ፣ ወይ ለለቅሶ፣ ወይ ለሕክምና ይሄዳል። እማማ ጥሩወርቅ በማግስቱ ጠዋት መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ማን ሞቶ ነው?»

«ማንም አልሞተም፣ እማማ።»

«ማን ሊያገባ ነው?»

«ማንም።»

«እንግዲያው የደበቅሽን በሽታ አለ» አሉና ሄደው በትንሽ ጀሪካን ጸበል ይዘው ተመለሱ። «አንቺ እንኳ አትጠጪው፤ እምነትሽ አይደለም። ሻንጣሽ ውስጥ ብቻ ይቀመጥ።» ትንሽ አሰብ አደረጉና ደግሞ «ለምን እኔም አልመጣም? አላስቸግርሽም፤ ሁለታችንም ብቻችንን እንሆናለን» አሉ።

በሽታው አልያዝ ሲል ወሬው ወደ ጠብ ዞረ። ሐዋና ይማም ተጣልተዋል ተባለ። በዚያው ሳምንት ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ሳይጠሩ ቤታቸው መጥተው ተቀመጡ። እኔ ሻይ እንዳቀርብ ተጠርቼ ስለነበር ሁሉንም አይቻለሁ።

«ይማም፣ ምን አደረግካት?» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

«ምንም» አሉ ጋሽ ይማም።

«ሐዋ፣ ምን አደረገሽ?»

«ምንም።»

ሽማግሌው ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄማ ከባድ ጠብ ነው» አሉ።

ሻዩ ተጠጣ፣ ተደገመ። ሽማግሌዎቹ ሳያስታርቁ ላይነሱ ነው። እትዬ ሐዋ ባሏን አየች፤ ጋሽ ይማምም እሷን አዩ። እንደዚያ ብዙ የተነጋገሩበት ዝምታ አላየሁም።

«እሺ፣ በድያታለሁ» አሉ ጋሽ ይማም።

«ጎሽ፣ በምን?»

ጋሽ ይማም ይሄን አላሰቡበትም ነበር። ወደ ሚስታቸው ዞር አሉ።

«ያንኮራፋል» አለች እትዬ ሐዋ ቶሎ ብላ።

ሽማግሌዎቹ ትልቅ ሸክም የወረደላቸው ይመስል ተነፈሱ። ጉዳዩን አዩት፣ መረመሩት፤ ይማም በጎኑ እንዲተኛ፣ ሐዋም ብትቀሰቅሰው እንዳይቆጣ ተብሎ ተወሰነ። መረቋቸው። ትልቁ ሽማግሌ ጫማቸውን እያደረጉ «እንግዲህ ከታረቃችሁ ጉዞው ቀረ» አሉ።

«ጉዞውማ አለ» አለች እትዬ ሐዋ። «በሰላም እንድሄድ ነው እኮ ያስታረቃችሁን።»

ከዚያ ደግሞ ለካ አርባ ምንጭ ዘመድ የሌለው የሰፈራችን ሰው የለም። አንዱ ለወንድሙ ጫማ፣ አንዷ ለጓደኛዋ በርበሬ፣ ሌላው ለአጎቱ ሰላምታ ይዞ መጣ። እትዬ ሐዋ ሁሉንም መለሰች። የእማማ ጥሩወርቅን ግን መመለስ አልቻለችም፤ ለእህታቸው ልጅ የፈጩትን በሶ በላስቲክ ጠቅልለው ሻንጣዋ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። በሄደችበት ቀን ንጋት ላይ አውቶቡስ ተራ ድረስ የሸኛት ሰው ብዛት፣ ብቻዋን የምትሄድ ሴት ሳይሆን ሐጅ የምትሄድ ይመስል ነበር። ጋሽ ይማም ሻንጣውን አስጭነው፣ ማሰሪያው መጥበቁን ነካ አድርገው አዩና «በይ» አሏት። ሌላ አላሉም።

አርባ ምንጭ ላይ የሆነውን ለደንበኞች ስትናገር አዞው ሰላምታ ይሰጣታል፣ ጉማሬው መንገድ ይለቅላታል። ለእኔ ግን አንድ ከሰዓት ሰው በሌለበት እውነቱን ነገረችኝ።

አውቶቡሱ ውስጥ ከጎኗ የተቀመጠችው ሴት እስከ ሶዶ ድረስ የልጇን ፍቺ ተረከችላት። እትዬ ሐዋ መልስ ላለመስጠት ጥርሷን ነክሳ ቆየች፤ ሶዶ ላይ ግን አቃታትና ለሴትየዋ ረጅም ምክር ሰጥታ፣ ጸጉሯንም እንድታሳጥር ነግራት ተለያዩ። ሆቴል ስትገባ ለጋሽ ይማም ደውላ መድረሷን ነገረችና ስልኩን አጠፋችው።

«የመጀመሪያው ማታ እንቅልፍ ቶሎ አልወሰደኝም» አለችኝ። «ጸጥታው ጮኸብኝ። ቴሌቪዥን ከፈትኩ፤ ኋላ ይሄ ማጭበርበር ነው ብዬ አጠፋሁት። አልጋው ሰፊ ነው፤ መሀሉ ላይ ተንጋለልኩ። ጠዋት ስነቃ ግድግዳው ጥግ ተለጥፌያለሁ። ለይማም ቦታ ለቅቄለታለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ግቢው ዳር፣ ሐይቁ ቁልቁል ከሚታይበት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ምን አሰብሽ?» አልኳት። ትልቅ ነገር ነበር የጠበቅኩት።

«ስለ ሽንኩርት» አለች። «ለይማም በቂ ሽንኩርት ትቼ መሄዴን አሰብኩ። ከዚያ ስለ ጸጉር ቤቱ የውሃ መውረጃ አሰብኩ፤ ሁልጊዜ የሚደፈነው። ከዚያ ብዙ ቆየሁና የማስበው አለቀ። ባዶ። ጥሩ ነው አልኩ። ከዚያ እናቴ መጣች።»

እናቷ ከሞቱ ብዙ ዓመታቸው ነው። ለቅሶው እነሱ ቤት ነበር የተቀመጠው። እትዬ ሐዋ የቤቱ ትልቅ ልጅ ስለነበረች ማን በላ፣ ማን አልበላም፣ ምንጣፍ አነሰ፣ ውሃ አለቀ ስትል ከረመች። «ያዋሱንን ድስት ሁሉ ለየባለቤቱ መልሼ ስጨርስ ለቅሶው አልቋል» አለችኝ። «ሰው ወደየቤቱ ሄዷል። እኔ አላለቀስኳትም ነበር፣ ትዕግስት። ረስቼው። እዚያ ወንበር ላይ ነው ትዝ ያለኝ።»

እዚያው አለቀሰች። ድምፅ አውጥታ፣ ከልቧ።

ይሄን ያዩት የሆቴሉ ዘበኛ አቶ አንጁሎ ናቸው። ከአዲስ አበባ የመጣች ሴት፣ ብቻዋን፣ ስልኳን አጥፍታ፣ ሐይቅ ፊት ለፊት ታለቅሳለች። አቶ አንጁሎ ሮጠው ለእንግዳ ተቀባይዋ ነገሩ። እንግዳ ተቀባይዋ ውሃ ይዛ፣ ወጥ ቤቷ የዓሣ ሾርባ ይዛ፣ ሥራ አስኪያጁ ራሱን ይዞ መጡ። ሐይቁ ውስጥ ልትገባ ነው ብለዋል።

«የኔ እናት፣ ሁሉም ያልፋል» አላት ሥራ አስኪያጁ። «ይሄ ሐይቅ ደግሞ አዞ አለበት።»

«አዞ እንዳለበትማ አውቃለሁ» አለች እትዬ ሐዋ፣ እንዲረጋጉ ብላ። ጭራሽ ባሰባቸው።

ሻንጣዋን ከላይኛው ፎቅ አውርደው እንግዳ መቀበያው አጠገብ ያለ ክፍል አስገቡላት። ተራ በተራ ይጠብቋት ጀመር። የሚጠብቃት ሰው ደግሞ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ የራሱን ችግር ይነግራታል፤ እንድትጽናና ብሎ። ምሳ ሳይደርስ እንግዳ ተቀባይዋ ስለ እጮኛዋ ሁሉንም ዘርግፋለች። «አንድ ጊዜ ራሴን ሳየው» አለችኝ እትዬ ሐዋ፣ «የልጅቷን ጭንቅላት በሁለት እጄ ይዤዋለሁ። ‹ዝም በይና ንገሪኝ› እያልኳት ነው። አርባ ምንጭ ድረስ ሄጄ ፒያሳ ገባሁ።»

ተነስታ አቶ አንጁሎ ጋ ሄደች። በዕድሜ የሚበልጧት፣ ቁጥብ ሰው ናቸው።

«ይጠብቁኝ» አለቻቸው። «አልከለክልም። ከኋላዬ ይቀመጡና ይጠብቁኝ። ግን አያናግሩኝ። ምንም ቢሆን አያናግሩኝ።»

አቶ አንጁሎ ሄደው ሥራ አስኪያጁን አማከሩ፤ ተፈቀደ። ከሰዓቱን በሙሉ እትዬ ሐዋ ወንበሩ ላይ፣ አቶ አንጁሎ ከኋላዋ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ነፋሱ፣ ወፉ፣ ቁልቁል ሐይቁ። እናቷን እስኪበቃት አለቀሰቻቸው። ከዚያ የእናቷን አነጋገር እያስታወሰች ብቻዋን ሳቀች። ሲሳቅም ሲለቀስም አቶ አንጁሎ ቃል አልወጣቸውም።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል እትዬ ሐዋ ተነሳችና ከወንበሩ ሥር ያስቀመጠችውን ከረጢት ብታይ የለም። ምሳ ስትበላ የእማማ ጥሩወርቅን በሶ ከተማ ሄዳ ልታደርስ ከረጢቱ ውስጥ ከትታው ነበር።

«ከረጢቴን አይተዋል?»

«ዝንጀሮ ወሰደው» አሉ አቶ አንጁሎ።

«እርስዎ እያዩ?»

«አዎ። ቁጭ ብሎ ነው የበላው። በሶውን ምንም አላስተረፈም።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«አያናግሩኝ ብለውኛል እኮ» አሉ አቶ አንጁሎ፣ ቅር ብሏቸው።

እትዬ ሐዋ ይሄን ስትነግረኝ ከሳቋ ጋር እንባዋን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች ነበር። «በሕይወቴ ዝም ይበሉ ያልኩት ሰው ዝም ያለልኝ ያኔ ነው» አለች። «እንዲህ ያለ ሰው ዝንጀሮ እቃዬን ሁሉ ቢበላበትም አልቀየመውም።»

ስትመለስ ሰፈሩ ሰብሰብ ብሎ ጠበቃት። እሷ ግን አላወራችም። ሰላም ብላ፣ ስማ፣ ወንበሯ ጋ ሄዳ ሥራ ጀመረች። ቀኑን ሙሉ ማበጠሪያ፣ ውሃ፣ ፎጣ፤ ሌላ ቃል የለም። ሐዋ ዝም አለች የሚለው ወሬ እሪ በከንቱን አዳርሶ ውቤ በረሃ ደረሰ። ደንበኞች ገብተው ፊቷን አይተው ሹክ ይባባላሉ። ጋሽ ይማም እንኳ ማሽናቸውን አቁመው በሩ ላይ ወጥተው ቆሙ። እማማ ጥሩወርቅ ሌላ ጀሪካን ይዘው መጡ።

«በሶውንስ የእህቴ ልጅ ወደደችው?» አሏት፣ አፏን ለማስከፈት።

እትዬ ሐዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «የበላው ሁሉ ወዶታል፣ እማማ» አለች። እኔ ያኔ ስለ ዝንጀሮው ገና አልሰማሁም ነበር። እማማ ጥሩወርቅ ደስ ብሏቸው ሄዱ፤ የእህታቸው ልጅ ግን ቆይታ ደውላ ምንም እንዳልደረሳት ስትነግራቸው፣ ለሦስት ሳምንት ያህል ሐዋን አኮረፏት። ጸጉር ቤቱን ግን ማኩረፍ ስላልቻሉ በየቀኑ እየመጡ እዚያው ተቀምጠው ያኮርፏት ነበር።

በማግስቱ እትዬ ሐዋ ወሬዋን መልሳ ጀመረች፤ ሰፈሩም ተነፈሰ። አንድ ነገር ግን ለወጠች። ረቡዕ ረቡዕ ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት በዚህ ቤት ማንም አያወራም አለችን። «መታጠብ ይቻላል፣ መሠራት ይቻላል። ማውራት ፒያሳ ሙሉ አለላችሁ።»

የመጀመሪያው ረቡዕ ጉድ ነበር። ሴቶቹ በዓይን፣ በእጅ፣ በከንፈር ተነጋገሩ። ቤቲ ስልኳ ላይ ትጽፍና ለጎኗ ታሳያለች። አንዷ ስለ ባሏ ስትናገር አንገቷን በእጇ እንደማረድ አድርጋ ስታሳይ ሁላችንም ፈነዳን፤ እትዬ ሐዋ ራሷ መታጠቢያው ላይ ተደፍታ ሳቀች። በሁለተኛው ሳምንት ያልመጡ ነበሩ። እየቆየ ግን ሌላ ሴት መምጣት ጀመረች። አንዲት አስተማሪ፣ ልጆቿ ገና ትንንሽ ናቸው፤ በየረቡዑ ትመጣና ጸጉሯን ሳትሠራ ያልተሰካ ካስክ ውስጥ ጭንቅላቷን አስገብታ ትተኛለች። እትዬ ሐዋ ምንም አላስከፈለቻትም። እማማ ጥሩወርቅም ኩርፊያቸው ሲበርድ መቁጠሪያቸውን ይዘው ጥግ ይቀመጡ ጀመር። በዚያች ሰዓት ጋሽ ይማም ቁልፍ የሚያስቀርጽ ሰው ቢመጣባቸው እንኳ ቆየት ብለህ ተመለስ ይሉታል። መንገዱ ላይ ታክሲው ይጮኻል፣ ልጆች ኳስ ይመታሉ፤ እኛ ቤት ግን የሚሰማው የመቀስ ድምፅ ብቻ ነው። ከሥራ ሕይወቴ ሁሉ የሚናፍቀኝ ያ ነው።

ከዚያ ሰፈሩ ተነሳ። ቤቶቹ ፈረሱ፣ ሰዉ ወደየፊናው ተበተነ። እትዬ ሐዋና ጋሽ ይማም ከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፤ አራተኛ ፎቅ። እኔ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ፒያሳ ከቀሩት ፎቆች በአንዱ ትንሽ ክፍል ተከራይቼ ጸጉር ቤት ከፈትኩ። እትዬ ሐዋ ስልክ ትደውልልኝ ነበር።

«እዚህ ጸጥታው ሌላ ነው» አለችኝ አንድ ቀን። «ጎረቤቴን ጨው ልጠይቃት ብዬ አንኳኳሁ። በሩን ሳትከፍት ‹ማንን ፈልገሽ ነው?› አለችኝ። ‹ጨው› አልኳት። ‹እዚህ የለም› አለችኝ፤ ሰው መስሏት።»

«ታዲያ የፈለግሽውን ሰላም አገኘሽ እኮ» አልኳት ለቀልድ።

«ዝምታ ሄጄ ስፈልገው ነው የሚጥመኝ» አለች። «ቤቴ ድረስ መጥቶ እግሩን ዘርግቶ ሲቀመጥብኝ አልወደውም።» ብዙም ሳይቆይ ግን የዚያችን ጎረቤት በር ደጋግማ አንኳኩታ አስከፈተች። ቀጥሎ የሌላዋን። ለቀብሯ ስሄድ ከዚያ ሕንፃ የመጣው ሰው ከፒያሳው አያንስም ነበር።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት ከዚያ ጥቂት ሳምንት በፊት ነው። ሁለት ታክሲ ቀይራ፣ ደረጃውን እያረፈች ወጥታ፣ ሳትደውል መጣች። ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችው፣ መስታወቱን በጣቷ ነካችው፣ ደህና ነው በሚል ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ሄዳ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች።

«እጠቢኝ» አለችኝ።

በዚያ ሁሉ ዓመት ጸጉሯን ማንንም አስነክታ አታውቅም፤ ራሷ ነበር የምትሠራው። በሩን ዘጋሁ። ሻሿን ስትፈታ ጸጉሯ ነጭ፣ ረጅም፣ ለስላሳ ነበር። ውሃውን ለብ አድርጌ ማጠብ ጀመርኩ። እሷም ስለ ጨው ጎረቤቷ ጀመረች፤ ልጅቷ ልታገባ እንደሆነ፣ ልጁ ደህና እንደሚመስል፣ እናቱ ግን፣ አለችና ቆመች። የእናቱን ነገር ስጠብቅ ትንፋሿ ረዘመ። እጄ ላይ እንዳለች እንቅልፍ ወስዷታል።

አንገቷ እንዳይጎዳ ፎጣ ጠቅልዬ አስገባሁላት። ሁለት ደንበኞች መጥተው አንኳኩ፤ በሩን በትንሹ ከፍቼ ነገ ተመለሱ አልኳቸው። ስልኬ ሲጠራ ኮሪደር ላይ ወጥቼ አነሳሁት። ጋሽ ይማም ናቸው።

«ሐዋ እዚያ ናት?»

«እዚሁ ናት፣ ጋሽ ይማም። ተኝታለች። ልቀስቅሳት?»

ከጀርባቸው የተጣደ ነገር ሲንተከተክ ይሰማኛል።

«አትቀስቅሻት» አሉኝ። «እራቱን እኔ ሠርቼዋለሁ። ስትነሳ ትምጣ።»